አንድ ጥያቄ፣ አምስት መልስ፦ ስለ እድራችን መዝገብ አቆጣጠር
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ጉባዔ ስለ መዝገብ ሥራ ጥቂት እንድንናገር የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስለ ፈቀደልን በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የንግግሩም ቃል በዓመቱ መጽሔታችን ላይ እንዲወጣ ስለ ተጠየቅን፣ የተናገርነውን እንዳለ፣ እዚህም እዚያም ትንሽ አቃንተን ጽፈነዋል።

ስለ ራሳችን ብዙ ማተት አያስፈልግም። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ከዚያ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥረን፣ ደብዳቤ ስንቀበልና ስንልክ፣ ፋይል ስናወጣና ስንመልስ፣ ባሕር መዝገብ ስናሰምርና ስንደምር 34 ዓመት ቆይተን በጡረታ ወጣን። ከዚያ ወዲህ የእድሩን መዝገብ ያዝን። እንግዲህ ዛሬ የምንናገረው እንደ ሊቅ ሆነን አይደለም፤ ሥራው እጁ ላይ ወድቆበት፣ ተሳስቶ እንደ ተማረ ሰው ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ «47 አባላት ከእድሩ ይሰረዛሉ» ተብሎ እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያንን ቁጥር ቆጥረን ለኮሚቴው የሰጠነው እኛ ነን። ቁጥሩ ስሕተት ነበር። ስሕተቱ እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደ ተቃና፣ ለወደፊቱም እንዳይደገም ምን መደረግ እንዳለበት ለማስረዳት ነው የቆምነው።

ወሬው ከአዳራሹ የወጣው እኛን ቀድሞ ነው። በማግሥቱ ወፍጮ ቤቱም ሱቁም በር ላይ የሚወራው «እኔም አለሁበት ይሆን?» የሚል ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት የመዋጮ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከቤታችን ድረስ መጡና «እስቲ ልጄ እየው፣ ስሜ አለበት?» አሉን። በ67 ዓመታችን «ልጄ» መባሉ ባይከፋንም፣ ጥያቄያቸው ግን እንቅልፍ ነሣን። መዝገቡን ስናየው ስማቸው ከ47ቱ መካከል ነበር። ማስጠንቀቂያ የሚባል ወረቀት ግን በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው «ቆይ፣ እኛ የቆጠርነው ምንድን ነው?» ብለን ደንቡን እንደገና የገለጥነው።

የደንቡ ቃል

መተዳደሪያ ደንባችን እንደሚለው፣ አንድ አባል ከእድሩ የሚሰረዘው፤
1ኛ/ የ6 ወር ወይም ከዚያ በላይ መዋጮ ሳይከፍል ሲቀር፣
2ኛ/ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ሲያበቃ፣
3ኛ/ በዚሁ ጊዜ ውስጥ በቤቱ ሐዘን ያልገባበት ሲሆን ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። ደንቡን ያረቀቁት አባቶቻችን እንዲያው ሦስት በር ነው የሠሩት። ሰው ተገፍቶ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት ሦስቱም በር ላይ ቆሞ መጠየቅ አለበት። እኛ ግን የቆምነው በመጀመሪያው በር ላይ ብቻ ነበር። 6 ወር ያልከፈለውን ሁሉ ቆጥረን 47 አልን። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 6 ወር ያልከፈሉት በእርግጥ 47 ናቸው። ጥያቄው ነው ልክ ያልሆነው።

ማሽኑ እንዴት ይቆጥራል?

እንደምታውቁት መዝገባችን በ2014 ዓ.ም. ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። የምንሠራበት ፕሮግራም ኤክሴል ይባላል። እንዲህ ያለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን ቪዚካልክ የሚባለውን አወጡ፤ ኤክሴል ደግሞ በ1985 ተከተለ። መልኩ ከባሕር መዝገብ አይለይም፤ ወደ ጎን የተሰመረው ረድፍ፣ ወደ ታች የተሰመረው ዓምድ ነው። አንድ አባል አንድ ረድፍ አለው። በእኛ ሰንጠረዥ ኤ የተባለው ዓምድ የአባልነት ቁጥር፣ ቢ ስም፣ ሲ የሚኖርበት ሠፈር፣ ዲ ያልተከፈለ ወር፣ ኢ ማስጠንቀቂያ፣ ኤፍ ሐዘን ነው።

ለመቁጠር የሚያገለግሉ ቀመሮች አሉት። ካውንትኢፍ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን 47 ያገኘነው በዚህ ነው። ካውንትኢፍስ የሚባለው ግን፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ያለው፣ ብዙ ሁኔታ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ይህ ቀመር በኤክሴል ውስጥ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በወጣው ዕትም ሲሆን፣ እስከ 127 ሁኔታ ድረስ ይቀበላል። ለእድር ሦስትና አራት ከበቂ በላይ ነው።

ሥራው እኛ በመዝገብ ቤት እንሠራ ከነበረው አይለይም። በዚያ ዘመን ባሕር መዝገቡን ዘርግተን፣ ማስመሪያ አጋድመን፣ ረድፍ በረድፍ እየወረድን፣ የተጠየቀውን ሁሉ ላሟላው በእርሳስ ጭረት እናደርግ ነበር። አራት ቆሞ አምስተኛው ሲጋደም አንድ እስር ይሆናል። ማሽኑም እንደዚያው ረድፍ በረድፍ ይወርዳል። ለመጀመሪያው ሁኔታ «አዎ» ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ይይዛል፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛውም እንደዚሁ። ከዚያ የሦስቱን ብዜት እንደሚወስድ አድርጋችሁ አስቡት። 1 ጊዜ 1 ጊዜ 1 አንድ ነው፤ ሰውዬው ተቆጠረ። ከሦስቱ አንዷ እንኳ ዜሮ ከሆነች ብዜቱ ዜሮ ነው፤ ሰውዬው አልተቆጠረም። ከ2007 በፊት ሰዎች ሰምፕሮዳክት በሚባል ሌላ ቀመር ይህንኑ ማባዛትና መደመር በግልጽ እያደረጉ ይቆጥሩ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል።

መዝገቡን የምታግዘን የጎረቤታችን ልጅ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቀመሩን እንዲህ ብላ ጻፈችልን፦

=ካውንትኢፍስ(ዲ2:ዲ313,">=6",ኢ2:ኢ313,"ደርሶታል",ኤፍ2:ኤፍ313,"<>ሐዘን")

በማሽኑ ላይ የቀመሩ ስምና የዓምዶቹ ምልክት በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እዚህ በፊደላችን ያሰፈርነው ለንባብ እንዲመች ነው። በመካከል የሚገባውም ነጠላ ሰረዝ የፈረንጁ ኮማ መሆን አለበት። እኛ በልማድ የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ እያስገባን ማሽኑ እምቢ እያለን ግማሽ ቀን አጥፍተናል።

ንባቡ ይህ ነው፦ «ከ2ኛው ረድፍ እስከ 313ኛው ውረድ፤ ያልተከፈለው ወር 6 ወይም ከ6 በላይ የሆነውን፣ ደግሞም ማስጠንቀቂያው ‹ደርሶታል› የተባለውን፣ ደግሞም በሐዘን ዓምድ ‹ሐዘን› ያልተባለውን ቁጠርልኝ»። አባሎቻችን 312 ሲሆኑ ረድፉ 313 የደረሰው የመጀመሪያው ረድፍ አርእስት ስለ ሆነ ነው።

ሦስቱም ዓምዶች ከአንድ ረድፍ ጀምረው በአንድ ረድፍ ማለቅ አለባቸው። ርዝመታቸው ከተለያየ ማሽኑ ቫልዩ የሚል የስሕተት ምልክት ያወጣል፤ ይህ ደግ ነው፣ ይነግረናል። የሚያስፈራው ርዝመታቸው እኩል ሆኖ አንዱ ከ2፣ ሌላው ከ3 ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ምንም ሳይናገር የአንዱን ዕዳ ከጎረቤቱ ማስጠንቀቂያ ጋር አጋብቶ ይቆጥራል።

ሁለተኛው መልስ፦ 12

ቀመሩን ስንሰጠው 12 አለን። ከ47 ወደ 12! ደስታችንን ምን እንበላችሁ፤ ለሰብሳቢው ልንደውል ስልክ አንሥተን ነበር። ነገር ግን የመዝገብ ቤት ልማዳችን አስቆመን። በመዝገብ ቤት ድምር ሲወጣ ክፍልፋዮቹ ተደምረው ጠቅላላውን ካልሰጡ ገጹ አይፈረምም። እስቲ ይህንንም እንፈትሽ ተባባልን። ከ47ቱ ስንቶቹ «ደርሶታል» ተብለዋል? 14። ስንቶቹ «አልደረሰውም» ተብለዋል? 7። 14 እና 7፣ 21 ነው። ታዲያ 26 ሰው የት ገባ?

ምስጢሩ ተከፍቶ ሲታይ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነው። መዝገቡን ስንሞላ ለወንድ «ደርሶታል»፣ ለሴት «ደርሷታል»፣ ለታላላቆቻችን ደግሞ በአክብሮት «ደርሷቸዋል» ብለን ጽፈናል። «አልደረሰውም»፣ «አልደረሳትም»፣ «አልደረሳቸውም» እንደዚሁ። ሰውን አንተ አንቺ እርስዎ ብሎ ለይቶ ማክበር የአስተዳደጋችን ነው። ማሽኑ ግን «ደርሶታል» ብለን ከጠየቅነው «ደርሷታል»ን አያውቅም፤ ለእሱ ሌላ ቃል ነው። በዚህ የተነሣ ሴቶችና ታላላቆቻችን በሙሉ ከቆጠራው ወጥተው ነበር። 12 የተባለው የወንዶቹ ብቻ ነው።

ልጅቱ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አልተሳሳተም፤ የጠየቅነውን ነው የመለሰው» አለችን። እውነቷን ነው።

ሦስተኛው መልስ፦ 24

እንግዲህ ዓምዱን በሙሉ አስተካከልነው። ማስጠንቀቂያ ለደረሰው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ «አዎ»፤ ላልደረሰው «የለም» ብቻ። አክብሮቱን በደብዳቤው ላይ እንጽፈዋለን፤ በሰንጠረዡ ላይ አያስፈልግም። በዚህ መሠረት ከ47ቱ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 29፣ ያልደረሳቸው 18 ሆኑ። 29 እና 18፣ 47 ነው፤ ገጠመ። ካርዳቸውን ቋጥረው የመጡት እናት ከ18ቱ አንዷ ናቸው።

በቀመሩም ውስጥ «ደርሶታል» በሚለው ፈንታ «አዎ» አስገብተን ስንጠይቅ 24 መጣ። ክፍልፋዩንም ፈተሽን፤ ከ29ኙ «ሐዘን» የተባሉት 5፣ ያልተባሉት 24፣ ድምሩ 29። ይህም ገጠመ። ልክ ነው ብለን ልንፈርም ነበር።

አራተኛው መልስ፦ 21

ልጅቱ ግን ማጣሪያ የሚባለውን ነገር ከፈተች። ማጣሪያው በአንድ ዓምድ ውስጥ ምን ምን ዓይነት ቃል እንደ ተጻፈ ዘርዝሮ ያሳያል። በሐዘን ዓምድ አንድ ቃል ይታያል ብለን ስንጠብቅ ሦስት ሆኖ ወጣ፤ «ሐዘን» በሐመሩ ሐ፣ «ሀዘን» በሃሌታው ሀ፣ «ኀዘን» በብዙኃኑ ኀ። እኛ በቀድሞው ትምህርት በሐመሩ ሐ እንጽፋለን፤ ልጅቱ በሃሌታው ትጽፋለች፤ በብዙኃኑ የጻፈው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ስናነበው አንድ ነው፤ ጆሮም አይለየውም። ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቀመሩ «ሐዘን ያልተባለውን ቁጠር» ስለሚል፣ በሃሌታው የተጻፉትን 2 እና በብዙኃኑ የተጻፈውን 1 አባል «ሐዘን የለባቸውም» ብሎ ወደሚሰረዙት ጨመራቸው። በአንዲት ፊደል ምክንያት ሦስት ሐዘንተኛ ቤት ሊሰረዝ ነበር! ፊደሉን አንድ አድርገን ስንቆጥር ሐዘን ያለባቸው 8፣ የቀሩት 21 ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። «አይደለም» በሚለው ሁኔታ ክፍልፋይን ደምሮ መፈተሽ አይበቃም። ድምሩ ሁልጊዜ ይገጥማል፤ ምክንያቱም «አይደለም» የሚለው ስሕተቱንም ባዶውንም የተረፈውንም ሁሉ ወደ ራሱ ይሰበስባል። ስለዚህ ከመቁጠር በፊት ዓምዱ ውስጥ ምን ምን እንደ ተጻፈ ማየት ይገባል። የ‹ሰ›ና የ‹ሠ›፣ የ‹ጸ›ና የ‹ፀ›፣ የ‹አ›ና የ‹ዐ› ነገርም እንደዚሁ ነው። አንዷን አባል «ጸሐይ» ብለን መዝግበን «ፀሐይ» ብለን ብንፈልጋት አትገኝም።

አምስተኛው መልስ፦ 20

21 ከወጣ በኋላ ኮሚቴው አንድ መልካም ነገር አደረገ። «ቁጥሩን ብቻ አንቀበልም፤ የ21ዱ ስም ይነበብ» አለ። ስሞቹን አትመን፣ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ተቆጣጣሪው ባሉበት እናነብ ጀመር። ጡሩንባ ነፊያችንም ለሌላ ጉዳይ መጥቶ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። 14ኛውን ስም ስንጠራ ብድግ አለና «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ራሴ እኮ ነኝ ለባለቤቷ ጡሩንባ የነፋሁት!» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነት ነው። ድንኳኑን የተከልነው እኛው ነን፤ ወንበሩንም ያወጣነው እኛው ነን። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው። አባልነቱ በሟች ስም ነበር። ሰውዬው ሲያርፉ ሐዘኑ በእሳቸው ረድፍ ላይ ተጻፈ፤ ረድፉም ወደ ተዘጋው ገጽ ተዛወረ። ባለቤታቸው በምትካቸው በአዲስ ረድፍ ሲገቡ የሐዘን ዓምዳቸው ባዶ ቀረ። ባዶ ሳጥን ደግሞ «ሐዘን» አልተባለም፤ ስለዚህ ቀመሩ ሐዘን ያልደረሰባቸው አድርጎ ቆጠራቸው። ከ21ዱ ሁሉ ሐዘኑ የከበደው በማን ቤት እንደ ነበር እናንተው ፍረዱ።

ከሰብሳቢው ጋር ሆነን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ኋላ ግን «ድንኳኑን ያነሣችሁ ለት ስሜንም አብራችሁ ያነሣችሁት መስሎኝ ነበር» አሉ። የምንመልሰው አልነበረንም።

ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 20 ነው። 47፣ 12፣ 24፣ 21፣ 20፤ ለአንድ ጥያቄ አምስት መልስ። አራቱን ማሽኑ አልፈጠራቸውም፤ ሁሉም በእኛ አጠያየቅና በእኛ አጻጻፍ የመጡ ናቸው።

ስለ ባዶ ሳጥን፣ ስለ ቁጥርና ስለ ቀን

ባዶ ሳጥን ሁለት ጠባይ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። «ይህ ቃል ያልሆነውን» ብለን ስንጠይቅ ባዶው ይቆጠራል፤ የባልቴቲቱ ጉዳይ ይህ ነው። «ከ6 በታች የሆነውን» ብለን ስንጠይቅ ግን ባዶው አይቆጠርም፤ እንደ ዜሮ አይታይም። ስለዚህ ምንም ዕዳ የሌለበት አባል ሳጥኑ ባዶ ከተተወ፣ ከከፋዮችም ካልከፈሉትም ሳይገባ በመሐል ይጠፋል። ዕዳ ለሌለበት 0 ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው።

ቁጥርም ቁጥር ብቻ ሆኖ ይጻፍ። «6 ወር» ብለን ከጻፍን ማሽኑ እንደ ቃል ነው የሚያየው፤ «ከ6 በላይ» ስንለው ያልፈዋል። በግእዝ አኃዝ «፮» ብሎ መጻፍም ለዓይን ያምራል እንጂ ማሽኑ አይደምረውም። ከቃል በኋላ ሳይታወቅ የተተወ ክፍት ቦታም ቃሉን ሌላ ቃል ያደርገዋል።

የቀን ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ማሽኑ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ብንጽፍ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው እንደ ቃል ይተወዋል፤ ጳጉሜንማ እንደ 13ኛ ወር አያውቃትም። ሌሎቹን ቀኖች ደግሞ ዝም ብሎ የፈረንጅ ቀን ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት ዓምድ ለይተን በቁጥር እንጽፋለን። «በ2016 ዓ.ም. ከ4ኛው ወር ጀምሮ» ብሎ መቁጠር ያን ጊዜ ቀላል ይሆናል፤ ሁለት ሁኔታ መጨመር ብቻ ነው።

‹እና› እና ‹ወይም›

ካውንትኢፍስ የሚያውቀው «እና»ን ብቻ ነው፤ ሁሉም ካልተሟላ አይቆጥርም። ጥያቄያችን «ወይም» ሲሆን ግን ዘዴው ሌላ ነው። ለምሳሌ በዘንድሮ በዓል የሚጠየቁ አባላትን ስንቆጥር «ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ወይም የታመሙ» ተባለ። ከ70 በላይ የሆኑት 38፣ የታመሙት 17 ናቸው። ሁለቱን ደምረን 55 ብንል ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜያቸውም ከ70 በላይ የሆነ፣ የታመሙም 9 ሰዎች ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል። ስለዚህ እነዚያን 9 በካውንትኢፍስ ለብቻ ቆጥረን አንድ ጊዜ እንቀንሳለን፤ 55 ሲቀነስ 9፣ 46 ነው። ለ46 ሰው የተገዛው ስኳርና ቡና 55 ተብሎ ቢገዛ ኖሮ ተቆጣጣሪው ምን ይለን እንደ ነበር ታውቃላችሁ።

በአንድ ዓምድ ላይም «ደርሶታል» እና «ደርሷታል» ብለን ሁለቱንም በአንድ ካውንትኢፍስ ውስጥ ብናስገባ ዜሮ ነው የሚመጣው። አንድ ሳጥን በአንድ ጊዜ ሁለት ቃል ሊሆን አይችልምና። ለየብቻ ቆጥሮ መደመር ነው።

ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የሚከተለውን ለጉባዔው እናቀርባለን።

1ኛ/ ማንኛውም ቆጠራ ከመደረጉ በፊት ጥያቄው በአማርኛ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የቱ «እና»፣ የቱ «ወይም» እንደ ሆነ ከደንቡ ጋር ይመሳከር፤ ሰብሳቢው ይፈርምበት።

2ኛ/ በሰንጠረዡ ላይ «አዎ» እና «የለም» ብቻ ይጻፍ። ኤክሴል ቃሉን ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ ይችላል፤ በእጅ መጻፉ ይቅር። በየትኛውም ዓምድ ባዶ ሳጥን አይተው።

3ኛ/ አባልነት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሐዘኑም አብሮ ይተላለፍ።

4ኛ/ ክፍልፋዮቹ ተደምረው ጠቅላላውን እንደሚሰጡ፣ በማጣሪያውም ዓምዱ እንደ ታየ የመዝገብ ክፍሉ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

5ኛ/ ሰውን የሚነካ ቁጥር ስም ሳይነበብ በአዳራሽ አይነገር። ስሙም ሲነበብ ሠፈሩን ቤት ለቤት የሚያውቅ ሰው ይኑርበት። ጡሩንባ ነፊያችን ከእንግዲህ በር አጠገብ አይቀመጥም፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ይሰጠው።

6ኛ/ ማስጠንቀቂያ ላልደረሳቸው 18 አባላት ደብዳቤው ሰው ተልኮ በእጃቸው ይሰጥ፤ መቀበላቸውም በፊርማ ይመዝገብ።

የ20ዎቹ ስም ዝርዝር በሰብሳቢው እጅ ነው። እዚህ አናነበውም። ይሰረዙ አይሰረዙ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ቆጣሪዎች ነን። ነገር ግን ቆጣሪ እንደ መሆናችን አንድ ነገር እንለምናለን። ማሽኑ ላይ «ያልተከፈለ ወር» የሚል ዓምድ አለ፤ «ለምን አልተከፈለም» የሚል ዓምድ ግን የለንም። ስለዚህ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ሁለት ሁለት ሰው እየሆንን የ20ዎቹን በር እናንኳኳ። 20 ቤት በሁለት እሑድ ያልቃል። ከመካከላቸው ሥራ የፈታ፣ የታመመ፣ ከልጁ ዘንድ የሄደ ይኖራል፤ ከፍሎ ያልተመዘገበለትም እንደ ሆነ ያው በደላችን ነው። ዝም ብሎ የተወም ካለ እሱም ይታወቃል።

በመጨረሻም፣ ባለፈው ዓመት «47» ብለን ያስደነገጥናችሁን ሁሉ በዚህ ጉባዔ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ታግሣ ያስተማረችንን የጎረቤታችንን ልጅ ከልብ እናመሰግናለን። ሌሎች ወጣቶችም በየወሩ መጨረሻ እሑድ ወደ እድሩ ቢሮ ቢመጡ፣ የምናውቀውን እናሳያቸዋለን፤ የማናውቀውን ደግሞ ያሳዩናል። እኛም ነገ ከነገ ወዲያ ከ312ቱ አንዱ ረድፍ መሆናችን አይቀርምና፣ ያን ጊዜ መዝገቡን የሚይዘው ሰው በትክክል እንዲቆጥር ከአሁኑ ልናስለምድ ይገባናል።

 እድራችንን ያጽናልን፤ ሁላችሁንም ከክፉ ይሰውርልን።